የተራራ መንገዳችንን ጠንቅቀው ለሚያውቁት የጎንደር ብስክሌት ጠጋኝ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ የማቀርበው በጎንደር ከተማ፣ በአራዳ ገበያ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ብስክሌት ለሚጠግኑ አንድ አባት በአደባባይ ምስጋናዬን ለመግለጽና በአካባቢያችን ተራሮች ላይ በብስክሌት ለመጓዝ ለሚያስቡ ሁሉ እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውም ሆነ ስልክ ቁጥራቸው እንዳይወጣ አደራ ስላሉኝ፣ እኛ ደንበኞቻቸው እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ወደ አራዳ ወርዶ የብስክሌት ጠጋኙን አባት ቤት የጠየቀ ሰው የሚያሳየው አያጣም።

ጎማ የሚለጥፍና ፍሬን የሚያጠብቅ ባለሙያ በከተማችን ሌላም አለ። ጋሼን የሚለያቸው ብስክሌቱን የሚያሰናዱት ለሚሄድበት መንገድ መሆኑ ነው። ብስክሌት ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ወዴት ልትሄድ ነው?» የሚል ሲሆን፣ ወደ ጎርጎራ ለሚወርድና ወደ ደባርቅ ለሚወጣ ሰው አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። በወጣትነታቸው እነዚህን መንገዶች ራሳቸው በብስክሌት ስለተመላለሱባቸው፣ የትኛው ዳገት ከየትኛው ኩርባ በኋላ እንደሚመጣ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ፣ ከብቶች በየትኛው ሰዓት መንገድ እንደሚያቋርጡ ያውቃሉ። መንገዱን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በአናጢ እርሳስ ይሥሉታል፤ ዳገቱን በወፍራም መስመር፣ ሻይ ቤቱን በክብ፣ ቀስ ማለት የሚያስፈልግበትን ቦታ በመስቀል ምልክት እያደረጉ። በስልኬ ላይ ካለው ካርታ ይልቅ እኔ የምተማመነው በዚያ ወረቀት ነው።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የቀድሞውን የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃን ካለፈ በኋላ ወደ ኮሶዬ ይወጣል። እዚያ ቆም ብሎ ወደ ቆላው ቁልቁል ያየ ሰው የዳገቱን ድካም ይረሳል። ከዚያ በኋላ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ይከተላሉ፤ የወገራ ሜዳማ ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነውና ጥላ የሚሆን ዛፍ እምብዛም የለበትም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። ልዩነቱ ሲሰላ ብዙ ባይመስልም፣ መንገዱ እየወጣና እየወረደ ስለሚጓዝ ጉልበት የሚጨርሰው ዳገት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ሜዳ ላይ የለመደ ብስክሌተኛም ከወለቃ በላይ በከባድ ማርሽ ከገፋ ኮሶዬ ሳይደርስ ይዝላል። ጋሼ ለዚህ ያላቸው ምክር ቀላልና ትክክለኛ ነው፦ «እያወራህ መውጣት ካቃተህ ማርሹን አቅልለው።» ለደባርቅ ተጓዥ ከኋላ ያለው ትልቁ ጥርስ ያለ ችግር መያዙን ሳያረጋግጡ ብስክሌቱን ከእጃቸው አይለቁትም።

ፀሐዩን በተመለከተም የሚሰጡት ማሳሰቢያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ በበጋው ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚከርምና የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ቆዳ ይቃጠላል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲነሱ፣ ክንድን የሚሸፍን ልብስ እንዲለብሱ፣ ውኃም ጥማት ሳይሰማቸው እንዲጠጡ ለሁሉም ይናገራሉ።

በተለይ የማመሰግናቸው ግን በሊማሊሞ ጉዳይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን ተከትሎ የተሠራው ይህ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚጥል፣ ኩርባው ማለቂያ ያለው የማይመስል መንገድ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ለብስክሌት አደገኛው ግን ይህ ቁልቁለት ነው። የፍሬኑ ላስቲክ የጎማውን ብረት እየፈተገ ለረጅም ጊዜ ሲይዝ ብረቱ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ከመነዳሪው ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ የመለጠፊያው ማስቲሽም ይላላል። የፊት ጎማ ኩርባ ላይ ከፈነዳ ደግሞ ብስክሌተኛው የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ከጓደኞቼ ጋር ወደዚያ ልንወርድ መሆኑን በነገርናቸው ጊዜ ጋሼ ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ገልብጠው በመቀመጫቸው አቆሟቸው፤ ጎማውን በእጃቸው አዙረው ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፤ የፍሬኑን ላስቲክ አውልቀው በጥፍራቸው እየጫሩ ውስጡ የተሰካ አሸዋ አወጡ። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ፈትተው የተለጠፈ ከመነዳሪ ያለበትን ሁሉ ወደ ኋላ አዛወሩና ለፊቱ አዲስ አስገቡ። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የኋላው ቢተነፍስ መቆም እንደሚቻል፣ የፊቱ ግን ፋታ እንደማይሰጥ ነገሩን። ሁለቱን ፍሬኖች ሳናጣብቅ እያፈራረቅን እንድንይዝ፣ በየጥቂት ኩርባው መንገዱ ሰፋ በሚልበት ቦታ ወርደን ብረቱ እስኪበርድ እንድንጠብቅም አዘዙን። በታዘዝነው መሠረት ቆመን የአንዱን ጓደኛችንን የፊት ጎማ ብረት ብነካው ጣት የማያስቀምጥ ሙቀት ነበረው፤ ላስቲኩም መሽተት ጀምሮ ነበር። ሳንጎዳ ታች የደረስነው በእሳቸው ሥራና በእሳቸው ምክር ነው። ይህንን ውለታ በገንዘብ የምከፍለው ሆኖ አላገኘሁትም፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለጀማሪዎች ጋሼ የሚመርጡት የጎርጎራን መንገድ ነው። በአዘዞ ወጥቶ በቆላ ድባ በኩል አልፎ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ጣና ሐይቅ ይወርዳል፤ መንገዱ ወደ ሐይቁ እያዘነበለ ስለሚሄድ ጠዋቱ ደስ የሚል ነው። የደብረ ሲና ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ፣ ትኩስ ዓሣም ሳይቀምሱ መመለስ አይገባም። መመለሻው ግን ከሰዓት በኋላ ባለው ሙቀት ዳገት ስለሚሆን፣ ብርታታቸውን ገና ላልለኩ ሰዎች እዚያው አድረው እንዲመለሱ ወይም ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭነው እንዲመጡ ይመክራሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። በማክሰኝት በኩል ወደ እንፍራንዝ የሚወስደው መንገድ የጉዛራን ቤተ መንግሥት ለማየት መልካም ቢሆንም የባሕር ዳር መስመር በመሆኑ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ በገበያ ቀን ባይሞከር ይሻላል።

ከምንም በላይ የማከብርላቸው «አይሆንም» ማለት መቻላቸው ነው። ወደ ገጠር ለሚወጣ ሰው ብስክሌቱን ከማስረከባቸው በፊት በመስመሩ ላይ ለሚያውቋቸው ሾፌሮች ደውለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ካልሆነ ሥራው ተጠናቅቆ እያለ እንኳ ሂሳብ ሳይቀበሉ ተጓዡን ይመልሱታል። ደንበኛ እንዳይቀርባቸው ብለው «ሂድ፣ ምንም የለም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በየመንደሩ ከብስክሌት ጋር እየሮጡ የሚከተሉ ሕፃናትንም በተመለከተ ጥብቅ ናቸው፦ ፍጥነት ቀንሶ፣ ሰላም ብሎ ማለፍ እንጂ ከረሜላም ሆነ ሳንቲም መበተን አይፈቅዱም፤ ልጆቹን ወደ መኪና መንገድ ማስለመድ ነውና።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በተካሄደው የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞቿን ያሰለፈች፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በጽጋቡ ግርማይ አማካኝነት ለመጀመሪያ ጊዜ በቱር ደ ፍራንስ የተወከለች አገር ናት። የእኛም ደጋ ለዚህ ስፖርት የሚሆን ዳገትም ፀሐይም አልጎደለውም፤ የጎደለው እንደ ጋሼ ያለ ባለሙያ በየከተማው አለመኖሩ ይመስለኛል። ደስ የሚለው፣ አሁን ሁለት ወጣቶችን አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን እያስተማሩ ነው። ካቴናን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ በየማያያዣው አንዳንድ ጠብታ ዘይት ብቻ ማድረግን ከእነዚህ ልጆች እጅ አይቻለሁ፤ ዘይት ሲበዛ የበጋውን አቧራ ስለሚሰበስብ ካቴናውን ቶሎ ይበላዋል።

ወደ እሳቸው ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ከጉዞው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ብስክሌቱን ብታደርሱ መልካም ነው፤ በጥድፊያ መሥራት አይወዱም። ለየት ያለ መጠን ያለው ጎማ ያላችሁ መለወጫ ከመነዳሪ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሊማሊሞ በታች ቆላው የግራር እሾህ ስላለበት ከአንድ በላይ መያዝ ያስፈልጋል። ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ይነግሯችኋል፤ በኋላም አይጨምሩበትም። በእሑድና በበዓላት ቀን ዝግ ናቸው። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ በሕዝብ ስለሚሞላ ጉዟችሁን ከጥር 13 በኋላ ብታደርጉት ይመረጣል።