«ዴርዴቭል፦ ቦርን አጌን» ስፌቱ የሚታይ ሲዝን

ቀን ጠበቃ፣ ሌሊት ጭምብል ለብሶ ወንጀለኞችን የሚፋለመው የዓይነ ስውሩ የማት ታሪክ የሆነው ይህ የማርቬል ተከታታይ ፊልም 1ኛ ሲዝኑ ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው። መጀመሪያ የታሰበው 18 ክፍል ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የሆሊውድ ጸሐፊዎች አድማ ሲመቱ ቀረጻው ተቋረጠ፤ ኃላፊዎቹም የተሠራውን አይተው ስላልጣማቸው ዋና ጸሐፊዎቹን አሰናብተው በቦታቸው ዳሪዮ ስካርዳፓኔን አመጡ። በማርች 2025 የጀመረው 9 ክፍል ብቻ ነው። 1ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው እንደ አዲስ የተጻፉ ናቸው፤ መሀሉ ባብዛኛው ከድሮው የተረፈ ነው።

1ኛውን ክፍል ያለ ኢርፎን አትዩት። ከመጠጥ ቤቱ ተነስቶ በደረጃው ወደ ጣሪያ የሚወጣው ድብድብ መሀል፣ ማት እጁ እየተማታ ጆሮው ታች መንገድ ላይ የወደቀው ጓደኛው ልብ ላይ ነው። ምቱ ለእኛም ይሰማል፤ እየዘገየ ይሄዳል። የዋሸራ የቅኔ መምህር ዓይኑ ባያይ እንኳ ተማሪው የቅኔውን ቤት ሲሰብር ጆሮው አያሳልፈውም፤ ዓይነ ስውሩ ጠበቃም ውሸትን የሚይዘው እንደዚያ ነው። በቲቪው ስፒከር ግን ይህ ሁሉ ድምፅ ይዋጣል።

ሙግት ለሚወድ ጎጃሜ 3ኛው ክፍል ብቻውን ይበቃል። ምስክሩ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቃሉን ሲያጥፍ ማት መከላከያውን እዚያው ቆሞ ይለውጣል፤ ለውጡም ደንበኛውን ዋጋ ያስከፍለዋል። ከንቲባ የሆነውን የወንጀል አለቃ ፊስክን የሚጫወተው ቪንሰንት ዶኖፍሪዮ ድምፁን ሳያነሳ ነው የሚያስፈራው።

ከዚያ በኋላ ይላላል። 5ኛው ክፍል፣ የባንክ ዘረፋው፣ ብትዘሉትም ከዋናው ታሪክ የሚጎድል የለም። በሰው ደም የሚሥለው ነፍሰ ገዳይ ገና ሳንፈራው ጉዳዩ ይዘጋል። የማት ፍቅረኛ የፊስክና የሚስቱ የትዳር አማካሪም መሆኗ ደግሞ፣ ኒው ዮርክን የሚያህል ከተማ ሌላ አማካሪ አጣ ወይ ያሰኛል።

ዲዝኒ ፕላስ እዚህ በይፋ ስለማይሠራ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ብዙው ሰው ፍላሽ አስጭኖ ነው የሚያየው። አንዱ ክፍል 300 ሜጋባይት ከሆነ ተዉት። ታሪኩ ባብዛኛው ሌሊት ነው፤ ፋይል ሲጨመቅ ቀድሞ የሚበላሸው ጨለማው ስለሆነ ድብድቡ የጥቁር ካሬዎች ትርምስ ይሆናል። ለአንድ ክፍል 1 ጊጋ ግድም ጠይቁ። አሮጌ ቲቪ ላይ ድምፅ እየሰማችሁ ምስል ከጠፋ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ኤች 265 በሚባለው፣ አሮጌ ቲቪ በማያውቀው አዲስ የቪዲዮ አጨማመቅ የተሠራ ነው፤ በቀድሞው በኤች 264 አስቀይሩት። ስልክ ላይ ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከቀረ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱት። የግርጌ ጽሑፉ እንዲነበብ ስሙ ከቪዲዮው ፋይል ስም ጋር አንድ ይሁን፣ ፎልደሩም አንድ ይሁን።

ከዚህ በፊት በኔትፍሊክስ የወጣውን የ«ዴርዴቭል» 39 ክፍል ለመጨረስ ጊዜ ከሌላችሁ የ3ኛውን ሲዝን 13 ክፍሎች ብቻ እዩ። የ«ቦርን አጌን» 1ኛ ክፍል ላይ የማትን ጓደኛ በጥይት የሚመታው ሰው ማን እንደሆነ የሚገባው እነዚያን ላየ ነው።