መብራት ሲጠፋ የሚገለጥ ሴቲንግ፦ ከክላውድ ማኔጅመንት ሶፍትዌራችን ጋር 11 ወር

መሥሪያ ቤታችን ሦስት ሰርቨር አለው። በሦስቱ ላይ 26 ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ፣ ሰርቨሩን የሚጋራ ኮምፒውተር) ይሠራል። እነዚህን ሁሉ ከአንድ ፓኔል የምናስተዳድርበትን ሶፍትዌር ከጫንን 11 ወር ሞላን። ስሙን አልጠራም። የምናገረው ነገር ኬቪኤምን (ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን የሚያሄድበትን ክፍል) ከላይ ሆነው በሚያስተዳድሩ ብዙ ሶፍትዌሮች ላይ ስለሚያጋጥም፣ አንዱን ነጥሎ መክሰስ ልክ አይመስለኝም።

የመረጥነው በገንዘብ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ቪኤምዌር የሚባለውን የሚከፈልበት የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ነበር። ብሮድኮም ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከገዛ በኋላ ግን አንዴ ተከፍሎ ለሁልጊዜ የሚያዝ ፈቃድ መሸጥ ቀረ። በየጊዜው ዶላር እየፈለጉ መክፈል ለእኛ የማይሞከር ነው። ኬቪኤም ግን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ፤ ነፃም ነው። ከላዩ ፓኔል ደረብንበትና ጀመርን።

መጀመሪያ ላይ ማር ነበር። አዲስ ማሽን ቀድሞ ከተዘጋጀ ቴምፕሌት በደቂቃዎች ይነሳል። አንዱ ሰርቨር ላይ ራም ልንጨምር ስንል፣ በላዩ ያሉትን ማሽኖች ሥራ ሳያቋርጡ ወደ ሌላው አዛወርናቸው። ማንም አልደወለም። በእኛ ሙያ ስልክ ካልጮኸ ተመሰገንክ ማለት ነው።

ጣጣው የመጣው በራሴ እጅ ነው። የሂሳብ ክፍሉ ዳታቤዝ ማታ ማታ ባክአፑን ኢንክሪፕት ሲያደርግ (ወደ ሚስጥር ኮድ ሲቀይር) ይጎተት ነበር። ሳየው፣ ፓኔሉ ለማሽኑ የሰጠው ኬቪኤም64 የሚባለውን የሲፒዩ ሞዴል ነው። እሱ ደግሞ ኢንክሪፕሽን የሚያፈጥነውን የኤኢኤስ ትእዛዝ አያውቅም። ቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ገባሁ። «ቪርሽ ኤዲት» ብዬ የማሽኑን ሴቲንግ ፋይል ከፍቼ ሲፒዩውን «ሆስት ፓስስሩ» (የሰርቨሩን ሲፒዩ እንዳለ የሚያሳይ) አደረግሁት። ከዚያው ከተርሚናል አጥፍቼ አስነሳሁት። ባክአፑ ፈጠነ። እኔም ኮራሁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ዩፒኤሱ የቻለውን ያህል ቆይቶ ተኛ። እሁድ ሁሉንም ከፓኔሉ አስነሳን። ሰኞ የፋይናንስ ኃላፊዋ ደውለው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ምን ነካው?» አሉኝ። ሌሊት ማለቅ የነበረበት ባክአፕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይም እየሄደ ነበር። ሲፒዩው ወደ ኬቪኤም64 ተመልሷል።

የሥራ ባልደረባዬን «አንተ ነህ የነካኸው?» አልኩት። እሱ ደግሞ እኔን ጠርጥሮ ነበር።

ማንም አልነካውም። ፓኔሉ የሚያምነው የራሱን ዳታቤዝ ብቻ ነው። ማሽን ባስነሳ ቁጥር ሴቲንጉ የተጻፈበትን ኤክስኤምኤል ፋይል ከዳታቤዙ አንብቦ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ሰርቨሩ ላይ በእጅ የገባውን ሁሉ ያጠፋዋል። ክፋቱ ወዲያው አለማድረጉ ነው። ማሽኑ ከውስጥ ሪስታርት ሲደረግ ሰርቨሩ ላይ የሚያሄደው የኪውኢኤምዩ ፕሮሰስ ስለማይሞት አሮጌው ሴቲንግ እንዳለ ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከፓኔሉ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚታየው። ለእኛ ያ ቀን መብራት የጠፋበት ቀን ሆነ።

ይህ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፤ በአንዲት ዓረፍተ ነገር። ፓኔሉ ራሱ «ይህ ማሽን እኔ ከማውቀው ተለይቷል» ብሎ አንድ ቢጫ ምልክት ቢያሳይ ምን ነበረበት? ትልቁ ቅሬታዬ ይኼ ነው።

ሁለተኛው ጉድ ግን የእኔ እጅ የለበትም። በሰባተኛው ወር አፕዴት አደረግን። የማሽኑ ዓይነት (ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያየው የማዘርቦርድ ሞዴል) «ኪው35» ተብሎ ያለ ቨርዥን ቁጥር ተመዝግቦ ስለነበር፣ ከአፕዴቱ በኋላ የተነሳው ማሽን በአዲሱ ቨርዥን ተነሳ። ለሊኑክሶቹ ምንም አልመሰላቸውም። አንዱ የዊንዶውስ ሰርቨር ግን «አዲስ ኔትወርክ ካርድ አገኘሁ» አለ። ቋሚው የአይፒ አድራሻ አሁን በማይታየው አሮጌ ካርድ ስም ቀረ። አዲሱ ካርድ ከዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ ከሚያድለው) ሌላ አድራሻ ወሰደ። ፕሪንተሩ፣ የፋይል ሼሩ፣ ሁሉም ጠፋ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለዊንዶውስ ማሽኖች የቨርዥን ቁጥሩን ለይቶ መጻፍ። እኛ ያወቅነው ግን ግማሽ ቀን ከሮጥን በኋላ ነው።

በእጅ የጻፍኳቸው የፋየርዎል ሕጎችም ተጠርገዋል። ያን ጊዜ ግን ስለለመድኩት አልተናደድኩም።

አሁን ሰርቨሩ ላይ በእጅ የምንነካው ነገር የለም፤ ፓኔሉ ላይ የማይገኝ ሴቲንግ ከሆነ ይቅር እንላለን። በየሌሊቱ አንዲት ትንሽ ስክሪፕት የሁሉንም ማሽን ኤክስኤምኤል በ«ቪርሽ ዳምፕኤክስኤምኤል» አውጥታ ጊት (ለውጥን የሚመዘግብ መሣሪያ) ውስጥ ታስገባለች። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ልዩነቱን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ግን ይህ የሚያሳየው አሁን እየሄደ ያለውን ነው፤ ነገ ሲነሳ የሚመጣውን አይደለም። ስለዚህ በየወሩ አንድ እሁድ ጥቂት ማሽኖችን ሆን ብለን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን እናስነሳለን። አለቃዬ መጀመሪያ «ደህና የሚሠራውን ለምን ታጠፋለህ?» ብለው ነበር። ያቺን ሰኞ አስታወስኳቸው።

ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ ብትሉኝ 7። ማሽን ማዛወሩና ቴምፕሌቱ ብቻቸውን 9 ይገባቸው ነበር፤ ሁለቱን ነጥብ የወሰደው ዝምታው ነው። ሌላ ሰርቨር ስንገዛም በዚሁ እንቀጥላለን።

እስካሁን ከ26ቱ 19ኙ ተፈትነዋል። የቪፒኤኑ ማሽን ገና ነው፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። መብራት ሳይቀድመኝ በመጪው እሁድ አጠፋዋለሁ።