የዘ ሁ ባለ 4 ሲዲ ሣጥን፦ ከ9 ወር የታክሲ ሥራ በኋላ

መኪናዬ አሮጌ ፕሪየስ ናት። ስልክ አልቀበልም ካለች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሲዲ ግን ሳታንገራግር ትውጣለች። ስለዚህ ሙዚቃ የምገዛው እንደ ድሮው ነው። በእጄ ይዤ፣ ጀርባውን አንብቤ፣ ሁለቴ አስቤ።

ይህን ሣጥን ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሊሆነኝ ነው። ዝናብ ነበር፤ ሥራም ቀዝቅዟል። ምዕራብ ለንደን ውስጥ አንድ ቻሪቲ ሾፕ፣ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ወፍራም ሣጥን ተቀምጧል። «ሰርቲ ይርስ ኦፍ ማክሲመም አር ኤንድ ቢ» ይላል። ዘ ሁ የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሥራዎች ስብስብ ነው፤ 4 ሲዲ ከነቡክሌቱ። 8 ፓውንድ ከፈልኩና ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የ2ኛው ሲዲ መያዣ ጥርሱ ረግፏል። ሲዲው ሣጥኑ ውስጥ እንደ ሳንቲም ይንኳኳል። በ8 ፓውንድ ምን እላለሁ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ገብቶ «የማን ሙዚቃ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ የማን» አልኩት። የባንዱ ስም በእኛ ቋንቋ «ማን» ማለት ነው። አሁንም ያኮርፈኛል።

ሣጥኑ የወጣው በፈረንጆቹ 1994 ነው። 79 ቅጂ አለው፤ አንዳንዱ ዘፈን ሳይሆን ወሬና ቀልድ ነው። አቀማመጡ ከሞላ ጎደል በዘመን ቅደም ተከተል ነው። በ1964 ይነሳል፣ በ1991 ባንዱ በተጫወተው የኤልተን ጆን ዘፈን ያበቃል። ርዕሱ የመጣው በ1964 መጨረሻ ዋርዶር ስትሪት ላይ በነበረው ማርኪ ክለብ ማክሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ከተለጠፈው ፖስተር ነው። ጥቁር ወረቀት ላይ የባንዱ ጊታር መቺ ፒት ታውንሼንድ ክንዱን ሰቅሎ ጊታሩን ሊመታ ሲል ይታያል።

ለማያውቅ ሰው፣ ዘ ሁ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው «ሞድ» ማለት የዚያን ዘመን የለንደን ዘናጭ ነው። ገንዘቡ የሳምንት ደሞዝ፣ ልብሱ ግን የባለሀብት ልጅ የሚመስል ወጣት። ቀጭን ሱፍ፣ የጣሊያን ስኩተር፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ። ከመካከላቸው አውራ የሆነውን «ፌስ» ይሉታል። እኛ «ቀንደኛ አራዳ» እንደምንለው። እውነቱን ለመናገር የዘ ሁ ልጆች ራሳቸው ጥንቱን ሞድ አልነበሩም። ዘፋኙ ሮጀር ዳልትሪ የቆርቆሮ ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤዝ መቺው ጆን ኤንትዊስል ግብር ቢሮ ነበር። ታውንሼንድ ኢሊንግ ሥነ ጥበብ ይማር ነበር። ሞድ ያደረጋቸው ፒተር ሚደን የሚባል ሰው ነው። ስማቸውን «ሃይ ነምበርስ» ብሎ ቀየረ፣ አለበሳቸው፣ ግጥምም ጻፈላቸው።

1ኛው ሲዲ ላይ ያ ሁሉ ይሰማል። «አይም ዘ ፌስ» ዜማው የአሜሪካዊው ብሉዝ ዘፋኝ የስሊም ሃርፖ ነው፤ ግጥሙ ብቻ ስለ ልብስና ስለ ጉራ ተቀይሯል። ዳልትሪ ሲዘፍን የተውሶ ሱፍ እንደለበሰ ሙሽራ ይጨንቀዋል። ነጠላ ዘፈኑ አልተሸጠም፤ ሚደንም ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ። ትንሽ ቆይቶ «አይ ካንት ኤክስፕሌን» ይመጣል፤ ጥር 1965። ይህን ሽግግር ሰላሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አሁንም ያስደስተኛል። ጊታሩ ሦስት አራት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፣ ከዚያ ድራሙ በሩን ገፍቶ ይገባል። ልብሱ በልካቸው የተሰፋው ያኔ ነው። ሂቶቹን ብቻ የሚሰበስብ አልበም ይህን ሊያሰማህ አይችልም፤ ምክንያቱም ያልተሳካውን ሙከራ አይጨምርም። የዚህ ሣጥን ትልቁ ጥቅም ለእኔ እሱ ነው።

ከዚያ «ማይ ጄነሬሽን»። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ «ሰውዬው ይንተባተባል ወይስ ሲዲው ነው?» አለች። ሰውዬው ነው አልኳት። ሆን ብሎ ነው የሚንተባተበው። እኔን ግን የያዘኝ መሃል ላይ ያለው የቤዝ ጊታር ነው። በዚያ ዘመን ቤዝ ከኋላ ቆሞ የሚያጅብ ነበር። ኤንትዊስል ወደ ፊት ወጥቶ ብቻውን ያወራል። ራሱ ደጋግሞ ያወራው ታሪክ አለ። ለዚህ ዘፈን መጀመሪያ የያዘው ጊታር ክር ቀጭን ስለነበር ይበጠሳል። መለዋወጫ ክር ለንደን ውስጥ ስለማይገኝ ለክሩ ሲል ሌላ ሙሉ ጊታር ይገዛ ነበር። የፕሪየስ መለዋወጫ የፈለገ ሰው ይገባዋል።

አንድ ማታ ከሐኪም ቤት አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። ወደ አክተን ነው የሚሄዱት። ትንፍሽ አላሉም። ጎልድሃውክ ሮድ ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ «ዘ ኪድስ አር ኦልራይት» ጀመረ። በመስታወት ሳያቸው ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታል።

«የት አገኘኸው?» አሉኝ።

ከቻሪቲ ሾፕ አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጎን ጠቆሙኝ። ጎልድሃውክ የሚባለው ክለብ እዚሁ መንገድ ላይ ነበር፤ ባንዱ ሲጀምር ይጫወትበት ነበር። እሳቸውም ይገቡ ነበር።

«ጨፍረዋል?» አልኳቸው።

«እኔ? ሱሪዬን እናቴ ተኩሳው ነበር። እጥፉ እንዳይበላሽ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ» አሉኝ።

ሊወርዱ ሲሉ የኋለኞቹን ዘፈኖች ይወዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከ1966 በኋላ ያለው የኔ አይደለም፤ የተማሪዎች ነው» አሉና በሩን ዘጉ። ብዙ አሰብኩበት። 1ኛውና 2ኛው ሲዲ መካከል በእርግጥ የሆነ ነገር ይሰበራል። ዘናጮቹ ፀጉር አሳድገው፣ ሱፉን ጥለው፣ ረጅም ታሪክ መተረክ ይጀምራሉ። ሣጥኑ ግን አንድ መንገድ አስመስሎ ያቀርበዋል። ሽማግሌው ትክክል ናቸው ብዬ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ብሶቴ። «ሰብስቲትዩት» የሚለው ዘፈን በ1966 በነጠላ የወጣው ስቱዲዮ ቅጂ እዚህ የለም። በቦታው በ1970 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ የተጫወቱት ገብቷል። ጥሩ ቅጂ ነው፣ አልክድም። ግን በ1965 እና በ1966 መሃል ድንገት ከ1970 የመጣ ወፍራም ድምፅ ሲገባ፣ የቤተሰብ አልበም ስትገልጥ በሕፃኑ ፎቶ ቦታ ጢም ያወጣ ሰውዬ እንደ ማግኘት ነው። የዘመን ቅደም ተከተል እንከተላለን ብለው ይህን ማድረጋቸው አይገባኝም።

ሌላው ወሬው ነው። በዘፈኖቹ መካከል ቃለ መጠይቅ፣ የመድረክ ጨዋታ፣ ማስታወቂያ ሳይቀር ተሰክቷል። የመጀመሪያ ወር በጣም ወደድኩት። ሰዎቹ ጎረቤቶቼ መሰሉኝ። በሦስተኛው ወር አንድ ቀልድ ለአሥረኛ ጊዜ ሲነገርህ ግን የምትስቀው ለይሉኝታ ነው። 2ኛው ሲዲ ላይ ደግሞ ውድስቶክ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተነሳው ጠብ አለ። በነሐሴ 1969 አቢ ሆፍማን የሚባል የፖለቲካ ሰው መድረክ ላይ ዘሎ ማይክ ይይዛል፤ ታውንሼንድ ያባርረዋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ኤርፖርት የማደርሳት ሴት በዚያ ጩኸት ክው ብላ ነቃች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ስደርስ እጄ ቁልፉ ላይ ነው።

የድምፅ ጥራቱን ቶሎ ልለፈው። ከዛሬ ሲዲዎች ዝቅ ያለ ነው፤ ቁልፉን ሦስት አራት እርከን መጨመር አለብህ። ለጆሮ ግን አይሰለችም። የሚገርመው እነዚህ ሰዎች በ1976 ቻርልተን የእግር ኳስ ሜዳ ላይ በ32 ሜትር ርቀት 126 ዴሲቤል ተለክቶባቸው ጊነስ ላይ የሰፈሩ መሆናቸው ነው። ታውንሼንድ ጆሮው ተጎድቷል። እኔ ፕሪየስ ውስጥ ዝናቡን እንዲያሸንፍልኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

3ኛው ሲዲ ላይ አንድ ሞኝነት ሠርቻለሁ። «ባባ ኦራይሊ» ሲጀምር ኦርጋኑ ያንኑ ጥቂት ድምፅ ደጋግሞ ያንቀረቅባል። የባለቤቴ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበርና፣ ሲዲው ጭረት አለው፣ እየዘለለ ነው አልኩ። አውጥቼ በሸሚዜ ጠረግኩት። አስገባሁት፤ ያው ነው። በማግስቱ በሳሙና አጠብኩት። ያው። ሦስተኛ ቀን መንገድ ዳር አቁሜ ሳልነካው ተውኩት። ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ፒያኖው ገባ፣ ቀጥሎ ድራሙ ወደቀ። ጭረት የለም። ለካ የቤት ኦርጋን ነው፤ የተጫኑትን እየቆራረጠ የሚደጋግም ቁልፍ አለው። ታውንሼንድ በዚያ ተጫውቶ ዘፈን አደረገው። ዘፈኑ የተረፈው በ1971 አካባቢ ጀምሮት ካልተሳካ «ላይፍሃውስ» ከሚባል ግዙፍ ዕቅድ ነው። አሁን ከሣጥኑ ሁሉ አብልጬ የምሰማው እሱን ነው። በተለይ ሌሊት፣ ከኤርፖርት ባዶ መኪና ይዤ ስመለስ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ባንዱ በ1966 ተቀይሯል፣ እሺ። ግን ከ1ኛው ሲዲ እስከ 4ኛው አጋማሽ አንድ ያልተቀየረ ነገር አለ፤ የኪት ሙን ድራም። ሌላ ድራም መቺ ሰዓት ይጠብቃል። ሙን ሰዓት አይጠብቅም፤ ከዘፋኙ ጋር ይነጋገራል። ዳልትሪ ትንፋሽ ሲወስድ እሱ ይገባል። መኪና እየነዳህ ስትሰማው ይገባሃል። መንገዱ ሲለቀቅ እግርህ ሳታውቀው ነዳጁን ይጫናል። በእሱ የተነሳ አንድ ጊዜ በ20 ማይል ሰፈር 27 ስነዳ ራሴን አግኝቻለሁ። ካሜራ አልነበረም፤ ተመስገን። «ሃፒ ጃክ» ላይ የሚመታው ልጅና «ዎንት ጌት ፉልድ አጌን» ላይ የሚመታው ሰውዬ አንድ ናቸው። ሱፍ ይልበስ፣ ፀጉር ያሳድግ፣ ለእኔ ባንዱ እሱ ነው።

ሙን በፈረንጆቹ መስከረም 7 ቀን 1978 ሞተ። የመጨረሻው አልበሙ ከወጣ ሳምንታት ብቻ ሆኖት ነበር። በሽፋኑ ፎቶ ላይ የተቀመጠበት ወንበር ጀርባ «እንዳይወሰድ» የሚል ተጽፎበታል። በእሱ ፋንታ የገባው ኬኒ ጆንስ ነው። ጆንስ ስሞል ፌስስ ከሚባለው ባንድ የመጣ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከዘ ሁ ይልቅ የለየላቸው ሞዶች ነበሩ። ጎበዝ መቺ ነው። ሰዓት ይጠብቃል። ችግሩም እሱ ነው።

ስለዚህ መግዛት ለሚፈልግ። ሂቶቹን ብቻ የምትሻ ከሆነ ይህን አትግዛ። በ1971 የወጣው «ሚቲ ቢቲ ቢግ ኤንድ ባውንሲ» 14 ዘፈን ይዟል፤ የ«ሰብስቲትዩት»ን ስቱዲዮ ቅጂ ጭምር። ቅዳሜ ልብስ ሲታጠብ የሚሰማ እሱ ነው። ይህ ሣጥን ጊዜ ላለው፣ ብዙ ለሚነዳ፣ ወሬ ለማይሰለቸው ሰው ነው። በ8 ፓውንድ ዓይኔን አላሽም። አዲሱን በውድ ዋጋ ብገዛው ኖሮ ስለ «ሰብስቲትዩት» እጣላ ነበር። የተሰበረውን መያዣ ደግሞ ከአንድ ባዶ የሲዲ ቤት አውጥቼ ቀይሬዋለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

4ኛውን ሲዲ በጣም የምሰማው እስከ አጋማሹ ነው። እዚያ «ሚውዚክ መስት ቼንጅ» የሚል ዘፈን አለ። ምቱ ሙንን አልሄድለት አለ፤ በዚያ ጊዜ ሰውነቱም ደክሟል። ስለዚህ በድራሙ ቦታ የሰው እርምጃ ቀርጸው አስገቡበት። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስሰማው ወለል ላይ የሚሄድ ጫማ ነው፤ ኮ፣ ኮ፣ ኮ። መጀመሪያ የሰማሁት ሃመርስሚዝ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ደንበኛ ስጠብቅ ነው። ሰው የመጣ መስሎኝ የኋላውን በር ከፈትኩ።