ኦሜጋ ስፒድማስተር 3861፦ ለአዲስ አበባ ሰው የሚሻለው ፕላስቲኩ ነው

ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል የተባለው የኦሜጋ የእጅ ሰዓት የአሁኑ ትውልድ፣ ማሽኑ 3861 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ በሁለት ዓይነት ነው የቀረበው። አንደኛው ፊቱ ሄሳላይት የሚባል ፕላስቲክ፣ ጀርባው ድፍን ብረት ነው። ሌላው ከፊትም ከኋላም የሳፋየር መስታወት አለው፤ ማሽኑ በጀርባ በኩል ይታያል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሄሳላይቱ ራሱ በብረት ማሰሪያ ሲወጣ ከ6,000 ዶላር በላይ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ዕለት ዕለት ለሚያስረው ሰው ግን የሚመከረው ይኸው ርካሹ ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

መጀመሪያ ገጹ። ጥቁር ነው፣ አያብለጨልጭም፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ዝቅ የሚል እርከን አለው፤ ብርሃን በጎን ሲመታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የደቂቃው መስመር ላይ እያንዳንዱ ሰከንድ በሦስት ተከፍሏል። በቀድሞው ሞዴል በአምስት ነበር፣ ያ ደግሞ ስህተት ነበር። ማሽኑ በሰዓት 21,600፣ ማለትም በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል። ስድስት ምት ለአምስት ሰረዝ እኩል አይካፈልም፤ ለሦስት ግን ይካፈላል፤ ስለዚህ የክሮኖግራፉ (እንደ ሩጫ መለኪያ የሚነሣና የሚቆመው ክፍል) ቆጣሪ ሲቆም ወይ ሰረዝ ላይ ወይ በሁለት ሰረዝ እኩሌታ ላይ ያርፋል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ያስተካከለ ሰው ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። በገጹ ዙሪያ ባለው፣ የፍጥነት መለኪያ ቁጥሮች በተጻፉበት ጥቁር የአሉሚኒየም ቀለበት ላይ ያለችው ነጥብም ከ90 ቁጥር ጎን ሳይሆን ከላይዋ ተቀምጣለች፤ ሰብሳቢዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ሰዓቶች የሚያውቋት ምልክት ናት።

ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ከጆሮ እስከ ጆሮ (ማሰሪያው በሚያያዝባቸው ጫፎች መካከል) 47.5 ብቻ ስለሆነ ቀጭን እጅ ላይም ይቀመጣል። ማሰሪያው ከ20 ሚሊ ሜትር ጀምሮ መቆለፊያው ጋ ወደ 15 ይጠብባል፤ ያማረ ነው። ቅር የሚለው ያለ መሣሪያ ላላ ጠበቅ ማድረግ አለመቻሉ ነው፤ ጠዋት በብርድ የሚላላ ሰዓት ቀትር ላይ እጅ ይይዛል።

ክሮኖግራፉ በኮለም ዊል (ዓምዶች ባሉት ጎማ) ሳይሆን በካም (ጠርዙ ወጣ ገባ ባለ ብረት) ነው የሚሠራው። የላይኛው ቁልፍ ሲጫኑት ትንሽ ይገፋል፣ ከዚያ በአንዴ ቀጭ ይላል። በዚያች ቅጽበት ሁለት ጥርሳም ጎማዎች በጎን ተጠግተው ይነካከሳሉ፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ከወደቀ የሰከንዱ ቆጣሪ ሲነሣ ትንሽ ይዘላል። ብልሽት አይደለም፣ የአሠራሩ ጠባይ ነው። የታችኛው ቁልፍ ደግሞ መዶሻዎቹን የልብ ቅርጽ ባላቸው ካሞች ላይ ይጥላቸዋል፤ ልቡ የትም ቦታ ላይ ቢገኝ መዶሻው ገፍቶ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ዜሮ የሚደረገው ግን ሩጫው ከቆመ በኋላ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ለሚሞላው ሰው የዚህ ሰዓት ትልቁ ጥቅም ቀን የማያሳይ መሆኑ ነው። ቀን ያለው አውቶማቲክ (በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት) በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ 12 ቁጥር የሚገኘው ንጋትና ምሽት ላይ ስለሆነ ቀኑ የሚቀየረው ከሁለቱ በአንዱ ነው። በንጋቱ ከተስተካከለ ለእኛ ልክ ነው፤ ችግሩ የቀኑ ጥርሶች በብዙ ማሽኖች ላይ ገጹ ከ9 እስከ 3 ባለው ጊዜ ተነካክሰው መቆየታቸው ነው። ይህ ለእኛ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሰው ሰዓቱን አንሥቶ ቀን የሚያስተካክልበት ጊዜ ማለት ነው። ብዙ የቀን ጥርስ የሚሰበረው በዚህ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ወራችን 30 ቀን፣ የሰዓቱ ክብ 31 ስለሆነ፣ ከጳጉሜ ጋር በዓመት 13 ጊዜ ማስተካከል ግድ ይላል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲ ጨረታ የተሸጠው የፓቴክ ፊሊፕ 2497 ባለ ዘላለማዊ ቀን መቁጠሪያ ሰዓት እንኳ የሚያውቀው የፈረንጁን ወራት ብቻ ነው። ስፒድማስተር ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ የሰዓት ቆጣሪውን ስድስት ሰዓት ማዞር ብቻ።

ሰዓቱ በእጅ የሚሞላ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲሞላ መሙያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ አይገፋም። አንድ ጊዜ ሲሞላ 50 ሰዓት ይሄዳል። አርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሞልተውት ቅዳሜን ከዘለሉት እሑድ 3 ሰዓት ገደማ ይቆማል።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ። ናሳ የወደደው ቢመታ ወደ ስብርባሪ ስለማይበተን ነው። ለእኛ ዋናው ነገር መወልወሉ ነው። ሳፋየር በቀላሉ አይጫርም፤ ከተሰበረ ግን መቀየር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም መለዋወጫ ይፈልጋል። ሄሳላይት የታክሲ በር ቢጭረው ቤት ውስጥ ይጠፋል፦ ቀለበቱንና ቁልፎቹን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል የፕላስቲክ ማወልወያ ቅባት በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ በክብ እያሹ መወልወል፣ ጠርጎ ማየት፣ ካልጠፋ መድገም። የጥርስ ሳሙናም ይሠራል፣ ግን ሸካራ ስለሆነ ጭጋግ ሊተው ይችላል። ፕላስተሩን የሚዘሉ ሰዎች ቅባቱን ቁልፎቹ ሥር ይጨምሩታል፤ እዚያ ደርቆ ቁልፉ እየከበደ ይሄዳል። አሴቶንና የእጅ ሳኒታይዘር ግን ከሄሳላይት ይራቁ፤ ውስጥ ለውስጥ ያሰነጥቁታል፣ ያ ስንጥቅ ደግሞ በውልወላ አይጠፋም።

የ3861 ማሽን እስከ 15,000 ጋውስ ማግኔት ይቋቋማል። የስልክ ሽፋን፣ ስፒከር፣ የቦርሳ መቆለፊያ የሌላውን ሰዓት የባላንስ ሞላ (ምቱን የሚመራውን ቀጭን ጥምዝ ሽቦ) ያጣብቁትና በቀን ደቂቃዎች ያስቀድሙታል፤ የዚህኛው ሞላ ሲሊኮን ስለሆነ ማግኔት አይዘውም። ትክክለኛነቱም በቀን ከ0 እስከ 5 ሰከንድ መቅደም ነው። ነገር ግን ያው ጥንካሬ ጥገናውን ያከብደዋል። ሲሊኮን እንደ ብረት ሞላ በወረንጦ አይቃናም፣ ይሰበራል። ሠሪው ማፍጠኛና ማዘግያ ምላስ ቢፈልግ የለም፤ የሚስተካከለው ባላንሱ ላይ ባሉ ክብደቶች ነው። መለዋወጫውንም ኩባንያው ለሁሉም ሠሪ አይሸጥም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሱቆች ከፈረሱ በኋላ ብዙ ሰዓት ሠሪዎች ቦታ ቀይረዋል፤ ጥሩ እጅ ያላቸው ግን ዛሬም በፒያሳ ዙሪያና በመርካቶ ይገኛሉ። ማሰሪያ ማሳጠር፣ ጎሚኒ መቀየር፣ ማጽዳት ለእነሱ ይሰጥ። የ3861 ሙሉ ሰርቪስ ግን ወደ ኩባንያው ማዕከል መላክ አለበት። ሰዓቱን ከከተማው ማስወጣት የማይፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. እስከ 2021 የተመረተውን፣ የቀድሞው ማሽን 1861 ያለበትን ይፈልግ፤ ማግኔት ይፈራል፣ 48 ሰዓት ነው የሚሄደው፣ ግን የተለመደው ዓይነት ማሽን ስለሆነ ልምድ ያለው ሠሪ ይረዳዋል።

ለክረምት፦ ውኃ እስከ 50 ሜትር ይቋቋማል ተብሎ ቢጻፍም መሙያው በጥርስ የሚታሰር አይደለም። የሐምሌ ዝናብ አይጎዳውም፤ እርጥብ እያለ ቁልፎቹን መጫን ግን ውኃ ያስገባል።

ሁለተኛ እጅ ከተገዛ ፎርጅዱ ብዙ ስለሆነ ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል። ሲወዘወዝ ውስጡ የሚዞር ነገር ከተሰማ አውቶማቲክ ነው፣ ስለዚህ ይህ ሞዴል አይደለም። መሙያው ሲሳብ በ9 በኩል ያለው ትንሹ ሰከንድ መቆም አለበት። በ3 በኩል ያለው ክብ እስከ 30 ደቂቃ፣ በ6 በኩል ያለው እስከ 12 ሰዓት ይቆጥራል፤ ክሮኖግራፉን አስነሥቶ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ መተውና ሁለቱም መሄዳቸውን ማየት ነው። ዜሮ ሲደረግ ሁሉም ቆጣሪ ቀጥ ብሎ ካላረፈ ወይ ፎርጅድ ነው ወይ ጥገና ይፈልጋል። በአጉሊ መነጽር የሄሳላይቱ መሐል ላይ ለዓይን የምታስቸግር የኦሜጋ ምልክት አለች፤ በሳፋየሩ ላይ ግን አትጠበቅም። በመጨረሻ የጀርባ ክዳኑ በሠሪ ፊት ይከፈት፤ ማሽኑ ላይ 3861 ካልተጻፈ ወይም ዙሪያውን የፕላስቲክ ቀለበት ደግፎት ከተገኘ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይቆይ።