ሃያ ወር ከጂምኒ ጋር፦ ከጀሞ ኮብልስቶን እስከ ጉራጌ ጭቃ

እምድብርን ካለፍኩ በኋላ እናቴ ቤት ለመድረስ 9 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። በበጋ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መኪና ያስቀየረችኝ በክረምት ያቺው 9 ኪሎ ሜትር ናት።

ድሮ ቪትዝ ነበረችኝ። ለአዲስ አበባ ከቪትዝ የተሻለ የለም ብዬ እከራከር ነበር፤ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት ስንሄድ እሷን እምድብር ዘመድ ግቢ አቁመን፣ ልጅ አዝለን፣ ሻንጣውን በሞተር ሳይክል አስጭነን ነበር የምንገባው። መስቀል ሲደርስ ዝናቡ ቀንሶ ይሆናል እንጂ መሬቱ ገና ውሃ እንደጠጣ ነው። እናቴ በእርጅናዋ እስከ ወንዙ ድረስ ወርዳ ትጠብቀናለች። ይሄ ነገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

በሚያዝያ 2016 ሱዙኪ ጂምኒ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. የ2021 ሞዴል ናት። ባለ ሦስት በሯ፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር፣ ማኑዋል ማርሽ፣ ከዱባይ የገባች። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ጥቂት ወራት ሆኖት ስለነበር አገር ውስጥ ያለችውን ያገለገለች ከመግዛት ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ስረከባት 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ዛሬ 61 ሺህ አልፋለች። ሁለት ክረምትና ሁለት መስቀል አሳልፈናል።

መጀመሪያ የከተማውን ልጨርስ። ከጀሞ ካዛንቺስ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ርዝመቷ ትርፍ ጎማዋን ጨምሮ 3 ሜትር ከ64 ሳንቲም ገደማ ነው። ቪትዝ የምትገባበት ክፍተት ሁሉ ትገባለች። ለመዞር ወደ 10 ሜትር ስፋት ይበቃታል። ጠባብ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ወደ ፊት ማለት ቀርቶልኛል። ከፍ ብለህ ስለምትቀመጥ ከፊትህ ካለችው መኪና አሻግረህ ታያለህ። ክረምት ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ስትገባ ልብህ ድንግጥ አይልም።

ኮብልስቶን ላይ ግን ታንገጫግጫለች። አሠራሯ ነው። እንደ ትልልቆቹ ፎር ባይ ፎሮች ራሱን የቻለ ሻንሲ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከፊትም ከኋላም ያለው አክስል ወጥ ነው። ግራና ቀኝ ጎማው በአንድ ብረት ስለተያያዘ፣ የግራው ድንጋይ ሲረግጥ ለቀኙም ይደርሰዋል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ወር ጀርባዋን አሟት ነበር። እኔም ሾካብሶርበር ላስቀይር እያልኩ ነበር። ለካ ጎሚስታው የጎማውን ንፋስ እንደ ሌላው መኪና 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞልቶት ኖሯል። የሹፌሩን በር ከፍተህ ምሰሶው ላይ ያለውን ጽሑፍ ብታይ 26 ይላል። ወደ 26 ሳወርደው ሌላ መኪና ሆነች። ጂምኒ ያላችሁ ሰዎች፣ ዛሬውኑ ጎማችሁን አስለኩ።

አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ነገሩ ይለያል። በጅማ መንገድ ወልቂጤ ድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ80 እና በ90 መካከል ደስ ብሏት ትሄዳለች። ከ100 በላይ መሄድ ለሚወድ ሰው ግን ይቺን መኪና አልመክርም። አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆና በ100 ሞተሩ 3,200 ዙር አካባቢ ይደርሳል። ድምፁ ይገባል። ቅርጿ ሳጥን ስለሆነ ንፋሱም ይጮሃል። መሪዋ የድሮዎቹ ፎር ባይ ፎሮች ዓይነት ስለሆነ መሃል ላይ ትንሽ ላላ ይላል። ትልቅ ተሳቢ በአጠገብህ ሲያልፍ ንፋሱ ገፋ ያደርግሃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጅ ይለምደዋል። በመጀመሪያው ቀን ግን ጎማ የላላ መስሎኝ ሰበታ ላይ ወርጄ ብሎኖቹን አጥብቄያለሁ።

ጉልበቷን በተመለከተ፣ ወረቀቷ ላይ 102 የፈረስ ጉልበት ይላል። ይህ ባሕር ጠለል ላይ ነው። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እኛ ጋ በእጅህ ያለው 80 ፈረስ ቢሆን ነው። ዳገት ላይ አይሱዙ ለመቅደም ካሰብክ ቀድመህ ሦስተኛ አስገባ፣ ፊት ለፊትህ ረጅም ባዶ መንገድ ይኑርህ። ካልሆነ ተከተለው።

ስለ ደኅንነቷም ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓው የግጭት ፈተና ከአምስት ኮከብ ሦስት ነው ያገኘችው። ይህን አውቄ ነው የገዛኋት። ልጄን ከኋላ በልጅ መቀመጫ አስሬ ነው የምጓዘው፤ በማታ አገር አቋርጬ አልነዳም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ፎር ባይ ፎር ሲል አራቱም ጎማ መዞሩን ብቻ ነው የሚያስበው። ያ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሎው የምንለው ነው። ጂምኒ ከማርሹ ኋላ ትንሽ ዘንግ አላት። ቆመህ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ወደ 4ኤል (አራቱም ጎማ በሎው) ትጎትታታለህ። ከዚያ አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ወደ 36 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ፍጥነት የለም፤ ጉልበት ግን አለ። መኪናዋ እንደ በሬ ትራመዳለች።

ባለፈው ነሐሴ ቅዳሜና እሁድን እናቴ ጋ ነበርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቧል። እሁድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴን ሆዷን ያዛት። እየባሰባት ሄደ። እስኪነጋ መጠበቅ አልቻልንም። የማታ ጉዞን የተመለከተውን ሕጌን ያን ቀን ጣስኩት። ከቤታችን ወደ ዋናው መንገድ ስትሄድ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ በኋላ ቀይ አፈር ዳገት። ዳገቱ ላይ የጭነት መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ አለ፣ አንዱ ጎን ጉልበት ያህል ይጠልቃል።

ሥሩ ላይ ቆምኩ። ወደ 4ኤል አስገባሁ። ሁለተኛ ማርሽ ይዤ ነዳጅ እምብዛም ሳልሰጥ ለቀቅኳት። መሃል ላይ ስንደርስ የፊት ቀኙ ጎማ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ የኋላ ግራው አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሾረ። መኪናዋ ቆመች። በዚህ ጊዜ ድሮ የማውቀው ነገር ቢኖር ነዳጅ መጨመር ነው። አልጨመርኩም፤ ባለበት ያዝኩት። ከሥር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህ የፍሬኑ ሥራ ነው፦ አየር ላይ የሚሾረውን ጎማ ለብቻው ይይዘውና ጉልበቱ መሬት ወደያዘው ጎማ እንዲሄድ ያደርጋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ መኪናዋ ቀስ ብላ ሳብ አለች። እናቴ ከፊት ለፊቷ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ጨብጣለች። «ቀስ እያልክ አባቴ» አለችኝ። ቀስ እያልን ወጣን። እምድብር ስንደርስ ሐኪም አያት። የሐሞት ጠጠር ነበር። አሁን ደህና ናት።

በዚያው ዳገት ላይ መስቀል ሰሞን የአጎቴ ልጅ መኪና ቆመች። የሱ ከኔ ሰፊና ምቹ ናት፤ አራቱም ጎማ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፤ ሎው ግን የላትም። ሁለት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው ክፍል ጋለና የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ራሷን ለማዳን ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማ ብቻ መለሰችው። መኪናዋ ተበላሽታ አይደለም፤ የተሠራችው ለዚህ አይደለም። ለአስፋልት፣ ለኮሮኮንችና ለቀላል ጭቃ ግን እንዲህ ዓይነቷ ከጂምኒ ትበልጣለች። ይህን በግልጽ ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም ጂምኒን ለመልኳ ብለው ገዝተው ያቺን ዘንግ አንድ ቀን ያልነኩ ሰዎች አውቃለሁ። እነሱ የማያስፈልጋቸውን መንገጫገጭ ነው የገዙት።

አንድ ማሳሰቢያ። 4ኤች (አራቱም ጎማ ያለ ሎው) እና 4ኤል ደረቅ አስፋልት ላይ አይነዳም። የፊትና የኋላው ስለሚቆለፍ፣ ስትዞር ጎማዎቹ እኩል መሄድ አይችሉም፤ ውጥረቱ ማርሹ ላይ ያርፋል። መሪው ሲከብድህና መኪናዋ ስትንዘፈዘፍ ከተሰማህ ረስተኸዋል ማለት ነው። ቶሎ ወደ 2ኤች፣ ማለትም ወደ ኋላ ጎማ ብቻ፣ መልስ።

ስለ ጎማም ላውራ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። አብሯት የመጣው ጎማ ለአስፋልት የሚሆን ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ጥርሱ በሁለት ዙር በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። ፎር ባይ ፎሩም ሎውም ልሙጥ ጎማ ላይ ምን ያደርጋሉ? መጠኑ 215/75 የሆነ ለጭቃም ለአስፋልትም የሚሆን ጎማ አስገባሁ። ከድሮው በአንድ ሳንቲም ያህል ነው የሚበልጠው፤ የሚነካው ነገር የለም። አስፋልት ላይ ትንሽ ያጉረመርማል። ጭቃ ላይ ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። እምድብር ስደርስ ንፋሱን ወደ 18 አወርዳለሁ። ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል። ስመለስ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሙያ አለኝ።

ንፋስ ማውረድ ያስተማረኝ ጭቃው ብቻ አይደለም። የጉራጌን አገር የሚያውቅ ሰው ጀፎረን ያውቃል። በመንደሩ መሃል የሚያልፍ ሰፊ፣ በሣር የተሸፈነ የጋራ መንገድ ነው። ቤቱ ሁሉ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ፊቱን ወደሱ አዙሯል። ልቅሶውም ሠርጉም ደመራውም እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ጂምኒን ይዤ የገባሁ ቀን አንድ አባት አስቆሙኝ። «ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ። መኪናህ ትግባ። ሣሩን ግን እንዳታቆስለው» አሉኝ። ዘወር ብዬ ሳይ የጎማዬ ምልክት ጥቁር ጭረት ሆኖ ቀርቷል። ውርደት ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ጀፎረው ላይ ስደርስ ጎማ አላሾርም፣ መሪ በኃይል አልጠመዝዝም፣ በዳር በኩል ነው የማልፈው። ክብደቷ ከአንድ ቶን ትንሽ በላይ ብቻ መሆኑ እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። ለኔ ከመንገድ ውጪ ጥሩ መኪና ማለት የሰው መንገድ ሳያበላሽ የሚያልፍ ነው።

ጥገናን በተመለከተ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር ነው። ወንዝ ካቋረጥኩበት ክረምት በኋላ አንድ ጋራዥ የኋላ ዲፈረንሺያሉን (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ክፍል) ዘይት አይተው «ደህና ነው» ብለውኝ ነበር። ለራሴ አልታመን ብሎኝ ሌላ ቦታ አስከፈትኩት። የወጣው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ውሃ ገብቶበታል። ረጅም መንገድ ሄዶ የጋለ ዲፈረንሺያል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። አሁን ወንዝ ዳር ስደርስ አሥር ደቂቃ ቆሜ እንዲቀዘቅዝ አደርጋለሁ። ከጉልበቴ ሥር ያልሆነ ውሃ አልገባም። ክረምት ሲያልፍ የፊቱንም የኋላውንም ዘይት አስቀይራለሁ። ሌላው ተራ ሴርቪስ ነው። ፊልተርና የፍሬን ሸራ ሶማሌ ተራ አላጣሁም።

ቤንዚን ከተማ ውስጥ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ አገር አቋራጭ ላይ 13 ትሄድልኛለች። ታንኳ 40 ሊትር ነው። አዲስ አበባ ሞልቼ እናቴ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። የነዳጅ ሰልፍ ባለበት ጊዜ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የቸገረን ቦታ ነው። የኋላ ወንበሮቹ ካልታጠፉ የዕቃ መጫኛው 85 ሊትር ነው። አንድ የትምህርት ቤት ቦርሳና አንድ ጀሪካን ሞላው ማለት ነው። ሁለቱንም ስታጥፋቸው 377 ሊትር ይደርሳል፤ ግን ያኔ ሰው የለም። ጣሪያው ላይ የሚፈቀደው 30 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ፖርታፓኮ ማሠራቱን ትቼዋለሁ። ልጁን ከኋላ ለማስገባት የፊት ወንበር ማጠፍ ግድ ነው፤ በዝናብ ቀን ባለቤቴ ጀርባዋ በስብሶ ነው የምትጨርሰው። ለመስቀል ስንሄድ ሦስታችን ስለሆንን አንዱን የኋላ ወንበር አጥፈን እንደምንም እንበቃቃለን።

ለገና እናቴ አዲስ አበባ ትመጣለች። እሷ ከፊት፣ ባለቤቴና ልጁ ከኋላ። አራቱም ወንበር ተያዘ። ትናንት ስንደዋወል ቆጮውንና ቅቤውን የት ነው የምንጭነው ብላ ጠየቀችኝ። ቦታውን በሐሳቤ ሁለት ጊዜ ለካሁት። አይገባም። የአጎቴ ልጅ በሱ መኪና እስከ እምድብር ያወጣዋል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ይመጣል።