ጊዛ፣ ነሐስ፣ ስቲል ወይስ ኮምፖዚት? ለካምሻፍታችሁ የሚስማማውን የዲስትሪቢዩተር ጊር መምረጥ

አዳማ ላይ ለአሮጌ ሞተር ዕቃ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ይላካል። ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያከፋፍለውን) የሚያዞረው ጊር «ይገጥማል» ተብሎ ይመጣል። መግጠምና መስማማት ግን ይለያያሉ።

በራሴ ፒክአፕ ደርሶብኛል። ሞተሩ የሼቭሮሌት 350 ነው። ከስቲል የተሠራ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አስገባሁና «ሁሉም አንድ ነው» ስለተባልኩ የድሮውን የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ጊር መልሰን ገጠምነው። ወራት ሳይቆይ ታይሚንጉ (ብልጭታው የሚሰጥበት ጊዜ) አልረጋ አለ። ዲስትሪቢዩተሩ ሲነቀል የጊሩ ጥርሶች እንደ ምላጭ ሳስተዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ካምሻፍቱ ላይ ያለው ጥርስ ከምን እንደተሠራ ነው። ሁለቱ ጥርሶች እየተፋተጉ ነው የሚዞሩት። በብዙ ሞተሮች ደግሞ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ የዘይት ፖምፓውንም ያዞራል። ጥርሱ ጨርሶ ካለቀ ሞተሩ ዘይትም ያጣል።

ጠፍጣፋ ታፔት (ካምሻፍቱ ላይ ተደግፎ ቫልቩን የሚገፋው ዕቃ) ያለው ካምሻፍት አብዛኛውን ጊዜ ጊዛ ነው። ለእሱ የጊዛ ጊር በቂ ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ዓመት ይሠራል። እዚህ ላይ ነሐስ መግዛት ብር ማባከን ነው።

ካምሻፍቱ ከነጥርሱ ከአንድ ስቲል ተቀርጾ ከወጣ ነሐስ ይስማማዋል። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ራሱ እያለቀ ካምሻፍቱን ያተርፋል። ጊር ለመቀየር ዲስትሪቢዩተሩን መንቀል ይበቃል፤ ካምሻፍት ለመቀየር ግን የሞተሩ ግማሽ ይፈታል። ችግሩ ብናኙ ዘይት ውስጥ መግባቱ ነው። በየጊዜው ነቅሎ ማየትም ግድ ይላል። በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ነሐስ አልመክርም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኮምፖዚት ይሻላል። ካርቦን የተቀላቀለበት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ከጊዛም ከስቲልም ጋር ይስማማል። ዋጋው ይወደዳል። እኔ መጨረሻ ላይ የገዛሁት እሱን ነው።

የስቲል ጊር በፋብሪካ ሮለር ታፔት (ጫፉ ላይ ተሽከርካሪ ያለው) ለተገጠመላቸው ሞተሮች ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1995 ለወጣው ባለ 5.0 ሊትር ፎርድ ሙስታንግ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሮለር ከሆነ ነሐስ ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ሮለር ካምሻፍት ግን አካሉ ስቲል ሆኖ ጥርሱ ተጭኖ የገባ ጊዛ ነው። ካምሻፍቱን የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ፤ ከዕቃው ጋር የመጣ ወረቀት ካለም አንብቡት።

የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ ውፍረትም በካሊፐር ለኩ። የሼቭሮሌት የፋብሪካው 0.491 ኢንች ነው፤ አንዳንድ ሌላ ድርጅት የሚሠራው ዲስትሪቢዩተር ግን 0.500 ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ጊሩ ግን ወይ አይገባም ወይ ይላላል።

ሲገጠም ጥርሱ ላይ የመግጠሚያ ቅባት ይቀባ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ነቅላችሁ እዩት። የመፋተጊያው ምልክት ጥርሱ መሃል ላይ ካረፈ ደህና ነው። ወደ ጠርዙ ከሸሸ ሳትነዱ መካኒካችሁን ጥሩ።