የቤተ እስራኤልን ታሪክ በጎንደር ላሳየን አስጎብኚ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በዓል ቀጥሎ በነበሩት ቀናት፣ እኔን፣ ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቻችንንና የሰባ አራት ዓመቷን እናቴን ይዞ በጎንደርና በዙሪያዋ የቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ታሪክ ላስጎበኘን ወጣት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ጉዞ ለሚያስቡ ሁሉም እርሱን ለመጠቆም ነው። ጎንደር ተወልጄ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ተምሬ፣ አሁን አዲስ አበባ ታሪክ አስተምራለሁ። ፋሲል ግቢን ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደገባሁበት አላስታውስም፤ ነገር ግን ከተማዬን ከግንበኞቿ ወገን ሆኜ እንዳያት ያደረገኝ ሰው ከእርሱ በፊት አልገጠመኝም።

ጉብኝቱን የጀመረው እንደተለመደው የነገሥታቱን ስም በመደርደር አልነበረም። በአፄ ፋሲል ግንብ ጥግ አቁሞን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ በጣቱ እያሳየ ልጆቼን “ይህን ማን ሠራው?” ብሎ ጠየቃቸው። ልጆቹ ባንድ ድምፅ “አፄ ፋሲል” አሉ። “አፄ ፋሲልማ አሠራው፤ የሠራው ማን ነው?” ሲል መልሶ ጠየቃቸውና ዝም አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያስረዳን ነገር ለአንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን የሚበቃ ነው። ከ1414 እስከ 1429 እ.ኤ.አ. በነገሠው በአፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መታወጁ በትውፊት ይነገራል። ነጻነታቸውን ይዘው የቆዩት ቤተ እስራኤሎች ደግሞ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሰሜን ተራሮች ተሸነፉ። መሬት ያጣ ሕዝብ የሚኖረው በእጁ ሙያ ነውና ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ አናጢና ግንበኛ፣ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪ ሆኑ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ አድርጎ ሲቆረቁር፣ ከተማዋ ከሁሉ አስቀድሞ የምትፈልጋቸው እነዚህኑ እጆች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል የሙያ አለቃ ሆነው እንደ በጅሮንድና አዛዥ ያሉ ማዕረጎች የተሰጧቸው ነበሩ። አስጎብኚያችን ግንቡን የሠሩት እነርሱ ብቻ ናቸው አላለም፤ ከውጭ የመጡ ባለሙያዎችም እጅ እንዳለበት ጨምሮ ነገረን። ሆኖም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ግቢ፣ ርስት የተነፈጉ ሰዎች ላብም ያለበት መሆኑን ልጆቼ ከእንግዲህ የሚረሱት አይመስለኝም።

ስለ ጎንደር ሲወራ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ቤተ እስራኤሉና ቅማንቱ ተዋድደው ይኖሩባት ነበር ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮን የዞረ ሌላ ሰው የነገረን ይህንኑ ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ሰምተን ተመለስን። የአሁኑ አስጎብኚያችን ግን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 ጎንደር ላይ በተደረገው ጉባኤ ፈረንጆቹ ከአገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎችም ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ መወሰኑን ሳይሸፋፍን ነገረን። የሙስሊሞቹ ሰፈር ቀድሞ እስላም ቤት፣ ኋላም አዲስ ዓለም ተባለ፤ የቤተ እስራኤሎቹ በታሪክ ጽሑፎች ካይላ ሜዳ በሚል ስም ይታወቃል። ጠዋት ግንቡን ሲሠራ የዋለው ሰው ማታ ተለይቶ ወደሚያድርበት ሰፈሩ ይመለስ እንደነበር ማሰብ ለእኔ ለጎንደር ልጅ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም አብሮ መኖር ማለት ምን እንደነበረ በትክክል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አዲስ ዓለም ስንደርስ የነገረን አንድ የቋንቋ ነገር ደግሞ ሁላችንንም አስደንቆናል። ቤተ እስራኤሎች የጸሎት ቤታቸውን የሚጠሩት መስጊድ ብለው ነው። ቃሉ ሰገደ ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ዮም ኪፑር ከሚባለው የአይሁድ የስርየት ቀን በኋላ በኀምሳኛው ቀን የሚያከብሩት ትልቁ በዓላቸው ስግድም ከዚያው ነው። የሃይማኖት አባታቸው ቄስ ይባላል፤ ኦሪታቸው የተጻፈው በግዕዝ ነው። ልጄ “ታዲያ ቄስም መስጊድም ነበራቸው ማለት ነው?” ብሎ ሲጠይቅ፣ አስጎብኚያችን “አዎ፣ ሰንበታቸው ደግሞ ቅዳሜ ነው” ብሎ መለሰለት።

በማግስቱ ወደ ወለቃ ሄድን። መንደሯ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ስትሆን ለብዙ ጎብኚ የምትታወቀው የዳዊት ኮከብ ባለባት ትንሽ የጸሎት ቤትና በመንገድ ዳር በሚሸጡት የሸክላ ምስሎች ነው። ከመኪና ሳንወርድ ሁለት ነገር አስታወቀን። አንደኛ፣ ፈላሻና ካይላ የሚሉት ስሞች ባለቤቶቹን የሚያስከፉ ስለሆኑ ቤተ እስራኤል እንድንል በትሕትና አሳሰበን። ሁለተኛ፣ ዛሬ ሸክላውን ከሚሠሩትና ከሚሸጡት ሴቶች ብዙዎቹ ሙያውን ከቀድሞዎቹ የተማሩ ክርስቲያኖች እንጂ ቤተ እስራኤሎች አለመሆናቸውን ገለጸልን። ይህን ባይነግረን ኖሮ ለእርሱም ለሻጮቹም የተሻለ ገበያ ይሆን ነበር። ለዚህ ሐቀኝነቱ የተለየ ክብር አለኝ።

አንዲት ሸክላ ሠሪ የተቦካውን ጭቃ ያለ ምንም መዘውር በእጇ እየጠቀለለች ከፍ ስታደርገው፣ በለስላሳ ጠጠር ስታሻሸው፣ በኋላም የደረቁትን ዕቃዎች በእንጨትና በኩበት እሳት እንዴት እንደምታቃጥል ስታስረዳ ልጆቼ ከአጠገቧ አልነሳም አሉ። የቀድሞ የመንደሩ አኗኗር ምን ይመስል እንደነበርም አስጎብኚያችን ቦታው ላይ ቆሞ አስረዳን፤ ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ ተለይተው የሚቆዩበት በድንጋይ የታጠረ የመርገም ጎጆ እንደነበረ፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይነካኩ ይጠነቀቁ ስለነበር “አትንኩኝ” እየተባሉ ይጠሩ እንደነበር ነገረን። የልጆቼን ጥያቄ አንዱንም አላፌዘበትም።

እናቴ ታሪኳን ያወጣችው እዚያ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ምጣድ፣ ጀበናና እንስራ ተሸክማ በየሳምንቱ ቤታችን ትመጣ ነበር፤ ፊቷ እንደ ሕልም ትዝ ይለኛል። ቅዳሜ ግን ገበያ እንኳ ቢሆን አትመጣም። እናቴ እንደምትለው ገንዘቡን ከእጇ ተቀብላ አታውቅም፤ መሬት ላይ ይቀመጥላትና ታነሣዋለች። አንድ ዓመት ታናሽ ወንድሜ ሲታመም ቤት ውስጥ ስለ ቡዳ ተንሾካሾኩ፤ እናቴም ሴትዮዋ በመጣች ጊዜ ሕፃኑን በነጠላ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ሴትዮዋ ይህን አይታለች። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ መጥታ፣ በ1977 ዓ.ም. ግድም እስከ ወዲያኛው ቀረች። “ተቀይማኝ መስሎኝ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ተቀይማኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት” አለች እናቴ፣ የሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ።

አስጎብኚያችን ለማጽናናት አልተቻኮለም። ዝቅ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና “እማማ፣ የዚያን ጊዜ የሆነውን ልንገርዎት” ብሎ ጀመረ። ደርግ ከአገር መውጣትን ይከለክል ስለነበር ቤተ እስራኤሎች ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ይጓዙ እንደነበር፣ የተያዘ ይታሰር ስለነበር እንኳን ለደንበኛ ለቅርብ ጎረቤትም መናገር የማይቻል እንደነበር፣ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች በረሃብና በበሽታ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ማለቃቸው እንደሚገመት አስረዳት። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ሰባት ሺህ ያህሉን ከሱዳን ያወጣው የሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎችን በሠላሳ ስድስት ሰዓት ከአዲስ አበባ ያጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ እንዴት እንደተካሄዱ ተረከላት። ሴትዮዋ ስለመትረፏ ምንም ተስፋ አልሰጣትም፤ አልተቀየመችዎትም ብሎም አልማለላትም። “ሳይሰናበቱ የሄዱት መሰናበት ስለማይችሉ ነው” ብቻ አላት። እናቴ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ለዚህች አንዲት ሰዓት ስል ብቻ ይህን ልጅ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ።

ስለ ቤተ እስራኤሎች አመጣጥ ባለቤቴ በጠየቀችው ጊዜም መልሱ እንደዚሁ ጥንቃቄ የተሞላ ነበር። ከዳን ነገድ መጡ የሚለውን ከሰሎሞንና ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጡ ከሚለው ትውፊት፣ እንዲሁም ብዙ ምሁራን እዚሁ በአገው ሕዝብ መካከል የተፈጠረ ማኅበረሰብ ነው ከሚሉት ለይቶ፣ የትኛው የማን ቃል እንደሆነ እየጠቀሰ አስቀመጠልን። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤሉ ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን ሲያጸኑ የተደገፉት በዳን ትውፊት መሆኑንም አክሎ ነገረን። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን እንግዶቹን ብቻ ጀግና አለማድረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውን አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪችን ካነሳ በኋላ የበለጠውን ጊዜ የሰጠው ለአገሬው ሰዎች፣ ለታምራት አማኑኤልና በዚያችው በወለቃ ለተወለደው ለዮና ቦጋለ ነው። ለሕዝባቸው ትምህርት ዕድሜያቸውን የሰጡ የጎንደር ልጆች ሆነው ሳለ፣ በእኔ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ስማቸው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አምቦበር ልንሄድ ነበር፤ የማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት የነበረባት፣ ስግድም በድምቀት ይከበርባት የነበረች መንደር ናት። አስጎብኚያችን በየጠዋቱ ስለ መንገዱ እየደወለ የሚጠይቅ ሰው በመሆኑ፣ የዚያን ቀን ያገኘው መልስ ስላላረካው መሄድ እንደሌለብን በግልጽ ነገረን። ሳንጠይቀው የቀኑን ክፍያ ከሒሳባችን ቀነሰ። በምትኩ በጎንደር ከተማ ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታትን በመጠበቅ ያሳለፉ ቤተሰቦች ወደሚጸልዩበት ግቢ ወሰደን፤ አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ቀኑ ዓርብ ስለነበር የሰንበት ዝግጅታቸውን እንዳናውክባቸው ከቀትር በፊት እንድንወጣ አደረገ፤ ፎቶግራፍም እንዳናነሳ ከበር ላይ አሳሰበን። ወላጆቻቸው ወይም ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉ፣ እነርሱ ግን እዚህ የቀሩ ሰዎች በዕብራይስጥ ሲጸልዩ ሰማን። ማንም ሊጎበኘው የሚገባ ትርኢት አይደለም፤ አክብሮ ሰላም ብሎ መውጣት ነው፤ ያስተማረንም ይህንኑ ነው።

ለሚያስቡበት ሰዎች ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። አስጎብኚያችን ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚ ነው፤ ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፣ መኪናና የመግቢያ ክፍያ ለየብቻ መሆናቸውንም ይናገራል። ለእናቴ በየቦታው መቀመጫ ይፈልግላት፣ አቀበቱ ሲበዛም ባጃጅ ይጠራላት ነበር። ማብራሪያው ረዘም ያለ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ በመካከሉ ዕረፍት እንዲሰጣችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ቅር አይለውም። ቅዳሜን ግን ለወለቃም ሆነ ለጸሎት ግቢው አትምረጡ። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጻፍኩትም፤ ፈቃዱን ስለሰጠኝ ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። በተለይ በእስራኤል ያላችሁ፣ ልጆቻችሁን የአያቶቻቸውን መንደር ለማሳየት የምትመጡ ወገኖች ብትጠይቁኝ ደስታዬ ነው።

እናቴ ከወለቃ የገዛችው ጀበና አሁን አዲስ አበባ እኛ ቤት ነው። ትናንት ቡና ስታፈላ “ያ ልጅ ደህና ነው? ደውልና ሰላም በልልኝ” አለችኝ፤ ደወልኩ፤ ሰላምታዋን ተቀብሏል።